ሁለት ካርታ፣ አንድ ሚካኤል

«የወንድሙን ቤት አስፈርሶ ለሚካኤል ጥላ!» አለች ከማርያማዊት ኋላ የቆመች ሴት። በሹክሹክታ መናገሯ ነበር፤ ግን ልክ በዚያች ቅጽበት እልልታው ጋብ አለና ቃሉ ራቁቱን ወጣ፤ በዋንዛው ሥር የቆመው ሴት ሁሉ ሰማው። ማርያማዊት ዞራ አላየችም። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቷን ማየት ቀጠለች። ፊት ለፊቷ አባቷ አቶ ገዳሙ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፋይ ጥላ በሁለት እጃቸው ይዘው ከካህናቱ ፊት ቆመዋል። ጥላውን ደብረ ማርቆስ ከንዋየ ቅድሳት ሱቅ ሲገዙ አልተከራከሩም፤ በስለት ዕቃ ላይ ዋጋ አይቆረጥም ብለው ባለሱቁ የጠራውን ከፍለው ወጡ። አሁን ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ሲዘረጉት የሾላ በር ሚካኤል ቅጥር እንደገና በእልልታ ተሞላ፤ የአቶ ገዳሙም ዓይን እንባ አቀረረ። አዲሱ መንገድ ቤታቸውን ስቶ ያለፈው በመልአኩ ጥበቃ እንደሆነ ከልባቸው ያምኑ ነበር።

መንገዱ ከመውጣቱ በፊት በአቶ ገዳሙና በታናሽ ወንድማቸው በአቶ እንዳላማው መካከል የነበረው አንድ ቦይ ብቻ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በየራሳቸው አንዳንድ በሬ በነበራቸው ዘመን ተቀናጅተው ያረሱ፣ ልጆቻቸውንም አንዱ በሌላው ቤት ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ከተማው እየሰፋ ሾላ በርን ሲጠቀልል ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰፊ የጠጠር መንገድ እንደሚወጣ ተነገረ። የመንገዱ ፕላን ከብዙ ዓመት በፊት በአሮጌ የአውሮፕላን ፎቶ ላይ የተነደፈ ነው፤ የገበሬው ይዞታ ደግሞ በቅርቡ በሳተላይት ፎቶ ተለክቷል። ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረቡ አይገጥሙም፤ በአንዱ ድልድይ ያለበት በሌላው ገደል ይሆናል። እነሱን የማገጣጠሙን ሥራ ማርያማዊት የምትሠራበት አነስተኛ የግል የቅየሳ ድርጅት ወሰደ፤ በድርጅቱ ውስጥ ይህን የምትችለው ደግሞ እሷ ነበረች። ካርታው ተዋህዶ ችካል ሲተከል፣ ችካሉ የአባቷን አጥር ታክኮ አለፈና በአጎቷ ቤት መካከል ገባ። አምና ከፋሲካ በኋላ ቤቱ ፈረሰ።

ያን ቀን የአጎቷ ሚስት ወይዘሮ ሥራነሽ ከቦዩ ማዶ ቆመው፣ «መስመሩን ለአባቷ ጎንበስ አደረገችለት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ቦዩን የተሻገረ የለም። በለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ ሁለቱ ወንድማማቾች በድንኳኑ ሁለት ጥግ ይቀመጣሉ። ሰው ሲያማት ማርያማዊት የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «እኔ መስመር አላሰመርኩም። ሁለት ካርታ ነው ያገጣጠምኩ። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። ያለ ጥፋቷ እንደታማች ቆጥራ እሷም በተራዋ አኮረፈች፤ አጎቷ ተከራይተው ወደገቡበት ቤት አንድ ቀን እንኳ እግሯን አላነሳችም።

ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ሕዝቡ ተከተለ። ማርያማዊት ያችን ሴት ላለማየት ዳር ዳሩን ሄደች። በምሥራቅ በኩል ሲደርሱ ታቦቱ እንደ ወትሮው ቆመ። እዚያ በወይራ እንጨት የታጠረ፣ ሣሩ የማይታጨድ ጠባብ ቦታ አለ፤ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን መቅደስ የነበረበት ስለሆነ እግር አይረግጠውም። ካህናቱ ማኅሌቱን አነሱ። ማርያማዊት ይህን ቦታ ከማንም ባላነሰ ታውቀዋለች። አሮጌው ሚካኤል ሲፈርስ ተማሪ ነበረች፤ አዲሱ ከጎኑ ሲሠራ ከእኩዮቿ ጋር ከወንዝ አሸዋ በጆንያ እየተሸከመች፣ አጎቷ ደግሞ ከኋላዋ ድንጋይ እየተሸከሙ ተመላልሰዋል። ዛሬ ግን ዓይኗን ማሳረፊያ ስላጣች በአጥሩ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ቀና ብላ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየች፤ እንደገና ወደ አጥሩ ተመለሰች። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት አንድ ደህና ቤት ያስቀምጣል።

ሁለት ካርታ ማገጣጠም ሁለት ጨርቅ ደርቦ እንደመስፋት ነው። በሁለቱም ላይ ያለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ይፈለግና እዚያ ላይ መርፌ ይሰካል፤ ድልድይ፣ የትምህርት ቤት ጥግ፣ የመንገድ መጋጠሚያ። በከተማው በኩል መርፌ መሰኪያ ሞልቷል። በሾላ በር በኩል ግን በሁለቱም ፎቶ ላይ ከእርሻና ከባሕር ዛፍ በቀር ጎልቶ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ክብ ጣራ ብቻ ነበር። በአሮጌው ላይ ክብ ጣራ፣ በአዲሱም ላይ ክብ ጣራ። ሚካኤል ነው ብላ ሰካችው፤ ደስም ብሏት ነበር። በአሮጌው ፎቶ ላይ ያለው ግን ይህ አሁን ሣር የበቀለበት ሚካኤል ነው። አሸዋ ተሸክማ በትከሻዋ ያወቀችውን ነገር ወንበር ላይ ስትቀመጥ አላስታወሰችውም። መርፌው በተሳሳተ ቦታ ተሰካ፤ ጨርቁ ተሳበ፤ መንገዱም አብሮ ተሳበ።

ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ከሕዝቡ መካከል ወጣች። እናቷ ወይዘሮ የኔአለም ከበሩ ላይ አገኟት።

«ወዴት ነው? እንግዳ ሊመጣ!»

«ቢሮ ደርሼ እመለሳለሁ እማዬ።»

«በኅዳር ሚካኤል? ያውም በቅዳሜ?»

ማርያማዊት ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ጨዋታ የሚወድ ነበር። ይህ መንገድ ከወጣ ወዲህ ጎማው እንዳረፈለት፣ ድሮ ለሾላ በር መንገደኛ እጥፍ ይጠይቅ እንደነበር፣ አሁን ግን በሃምሳ ብር እንደሚያደርስ፣ ሁለተኛው ዙር ተሠርቶ ወንዙ ድረስ ከወረደማ ከዚህ የተሻለ ሠፈር እንደማይኖር ነገራት። «መንገድ ያወጣ ነፍሱ ይማር!» አለ። በመካከሉ ጎማው ከአጎቷ ቤት ቦታ ላይ ለስለስ ብሎ አለፈ። ማርያማዊት ሁልጊዜ እዚህ ስትደርስ ስልኳን ታወጣ ነበር፤ ዛሬ አላወጣችም።

ቢሮው ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ የወረቀትና የታፈነ አየር ሽታ አለው። መጋረጃውን ሳትገልጥ፣ ነጠላዋንም ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሁለቱን ፎቶዎች ደረበችና በሚካኤል ጣራ ላይ ያለውን ነጥብ አነሳችው። በምትኩ የወንዙን መጋጠሚያና ከእርሻው መካከል ያለውን ትልቅ ቋጥኝ ወሰደች፤ ያኔም ብትፈልጋቸው ኖሮ ነበሩ፤ ግን በደንብ አጉልቶ ማየት ይጠይቃሉ። ካርታው ትንሽ አሰበና ተንቀሳቀሰ። የመንገዱ መስመር ከአጎቷ ቦታ ላይ ተነሳ፣ ቦዩን ተሻገረ፣ በአባቷ ቆርቆሮ ጣራ ላይ በቁመቱ ተኛ። ደግማ ሞከረች። ሌላ ነጥብ ጨምራ ሞከረች። መስመሩ እዚያው ነው፤ እሷ እስከዛሬ አዲስ ዓመትን በምታከብርበት፣ እናቷ አሁን ለእንግዳ በሚያሰናዱበት ቤት ላይ። ዝቅ ብላ ወደ ወንዙ በኩል ስታይ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠላት። በሁለተኛው ዙር፣ ከጥምቀት በኋላ እንዲፈርስ ቀይ ቀለም የተቀባው የጎረቤታቸው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ቤት ከመስመሩ ወጥቷል። ትክክለኛው መንገድ የሚያልፈው ከቤቱ በታች ባለው የግጦሽ መሬት ነው።

ለድርጅቱ ባለቤት ለአንሙት ደወለች። ስልኩ ውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«የሾላ በሩ ካርታ ስህተት አለበት» አለችው። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው። አንሙት ከልጆቹ ራቅ ማለቱን ከዝምታው አወቀች።

«ስሚኝ ማርያማዊት። ያ ሥራ ታይቶ፣ ተፈርሞበት፣ ከተማው ተረክቦታል። ዛሬ ተነስተን ተሳስተናል ብንል ድርጅቱ አለቀለት። ደግሞ የፈረሰ ቤት አይነሳም።»

«ያልፈረሰ አለ።»

«ያን በሌላ መንገድ እናየዋለን። በሕግ ብትጠየቂስ? ያውም የአባትሽ ቤት ያለበት ነገር ነው። ማን ያምንሻል?»

«ማንም ላያምነኝ ይችላል። ሰኞ ግን ለከተማው አስተዳደር እነግራለሁ። አብረኸኝ ብትገባ ደስ ይለኛል።»

አንሙት ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ስትጀምር ያስተማራት እሱ ነው። «በዓል ነው፤ ዛሬስ ሄደሽ ጠበል ጠዲቅሽን ቅመሺ» ብሎ ዘጋው።

ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። አጎቷ የተከራዩት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ክፍሏ ሁለት አልጋ ከያዘች በኋላ የሚተርፋት መቀመጫ የሚያህል ነው፤ በወር አራት ሺህ ብር፣ መብራት ለብቻ፤ ልብስ ማጠብ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም አከራይዋ ከፈቀዱ። ከፈረሰው ቤት የተረፈው ትልቁ የዋንዛ በር ለዚህ ቤት ስለማይሆን ከአልጋው ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከውጭ የመናኸሪያው ወያላ «ሉማሜ! ሉማሜ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ወይዘሮ ሥራነሽ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሳይናገሩ በርጩማው ላይ ያለውን ልብስ አነሱላት። አቶ እንዳላማው ግን ከአልጋው ተነስተው ጉንጯን ደጋግመው ሳሟት።

«ማርያምዬ! እንኳን አደረሰሽ! አባትሽ ደህና ነው? ስለቱን አስገባ አሉ።»

«አስገቡ ጋሼ።»

«ደግ አደረገ።»

ወይዘሮ ሥራነሽ የምስሩን ጠጠር እያወጡ ወደ ደጅ ይጥላሉ። ማርያማዊት በመንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባትና በቀጥታ ጀመረች። የአሮጌውን ሚካኤል ቦታ፣ ሁለቱን ጣራዎች፣ እሷ የሰካችውን መርፌ ነገረቻቸው። አጎቷ አላቋረጧትም። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ መስመሩ የት ኖሯል?»

«በእኛ ቤት ላይ።»

የወይዘሮ ሥራነሽ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ማርያማዊት «አላልኩም ነበር?» የሚለውን ቃል ጠበቀች፤ ቢሉትም ይገባቸዋል ብላ አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋ ግን አላሉም። ከንፈራቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ወደ ባላቸው መለሱ።

«ይችን ሴት» አሉ አቶ እንዳላማው፣ «በአንቺ የተነሳ ስንት ቀን ተቆጥቻት አውቃለሁ። መሣሪያ አያዳላም፣ ልጅቱ ምን አደረገች እያልኩ። ሰው ሲጠይቀኝም ይህንኑ ነው የምለው። ጣራው ሲወርድ እንኳ መስመሩ ልክ ነው፣ ለአገር መንገድ ነው ብዬ ነው የቆምኩ። አሁን ምን ልበል?»

«ተሳስታ ነው ይበሉ።»

«መሳሳትሽን እኔ አምናለሁ። ሌላው ግን እንደ ወሬው ነው የሚሰማው።» መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። «ምነው ባልመጣሽ። ልክ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር እኮ። አባትሽስ ሰምቷል?»

«አልሰሙም።»

«እንግዲያው አይስማ። በዚያ ቤት ውስጥ መተኛት አለበት።»

«መስማታቸው አይቀርም ጋሼ። ለከተማው ካልተናገርኩ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ቤትም ይፈርሳል።»

የመለሱት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። «የመሪጌታ ሚስት ቤቴ ሲፈርስ ዕቃዬን በጀርባዋ ተሸክማ ያወጣችልኝ ናት» አሉ በቀስታ። «ይነገር።»

አጎቷ ተነሱና ጋቢያቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። «ከሌላ አፍ አይስማው። እኔው እነግረዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ አብረው አልሄዱም፤ በሩ ላይ ቆመው የማርያማዊትን ነጠላ ጫፍ አስተካከሉላትና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሾላ በር ደረሱ። የአቶ ገዳሙ ቤት በእንግዳ ሞልቷል፤ ጠላው ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። አቶ እንዳላማው ከደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። አቶ ገዳሙ ከመደቡ ተነሱ፤ የያዙትን ጽዋ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው፤ አንዱ ጎረቤት ከእጃቸው ወሰደላቸው። ከዚያ በተቀመጠው ሰው መካከል እየተራመዱ ሄደው ወንድማቸውን አንገታቸውን አቀፉ።

«ይህንንም ለምኜው ነበር! ዛሬ ጠዋት ይህንንም ለምኜው ነበር!» አሉ ለእንግዳው ሁሉ። እልልታው ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ የኔአለም በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳህን ሊያመጡ ሮጡ።

አቶ ገዳሙ ወንድማቸውን ከራሳቸው ቀኝ አስቀመጧቸው፤ ወጡን እየመረጡ በእጃቸው አጎረሷቸው። አጎቷ እያላመጡ ወደ ጣራው ወጋግራ ያያሉ። ማርያማዊት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ስለ ገብስ አጨዳ ተወራ፤ ያለጊዜው ስለጣለው ዝናብ፣ በአምበር ገበያ ስለ በሬ ዋጋ ተወራ። በመካከሉ አቶ እንዳላማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድም ጋሼ፣ የመጣሁበት ጉዳይ...»

«ገብቶኛል! ምንም እንዳትናገር። ያለፈው አለፈ፤ ሸክሙን እዚሁ አራግፈነዋል» አሉ አቶ ገዳሙ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ። ጎረቤቶቹም «ይበል! ይበል!» አሉ። ትንሽ ቆይቶ አቶ እንዳላማው እንደገና ሞከሩ፤ ያኔ ደግሞ አቶ ገዳሙ የልጅነታቸውን ነገር፣ ጎርፍ የወሰደውን ጥጃ ተረባርበው ያወጡበትን ቀን እያነሱ ይስቁ ነበር። አጎቷም አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አልሞከሩም።

ሲሸኟቸው ማርያማዊት እስከ አጥሩ በር ተከተለቻቸው። አቶ እንዳላማው ወደ እሷ ሳይዞሩ ቆሙ።

«ፊቱን አየሽው?» አሉ። «አልቻልኩም ልጄ። አንቺ ንገሪው።» ከዚያ ባጃጅ ፍለጋ በጠጠሩ ላይ ሄዱ።

እንግዳው ተሸኝቶ አልቆ ወይዘሮ የኔአለም ዕቃ ሲሰበስቡ፣ አቶ ገዳሙ ብቻቸውን መደቡ ላይ ጋደም ብለው ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ማርያማዊት ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ነይ፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል» አሏት። እሷም ነገረቻቸው። ለአጎቷ እንደነገረችው ነገረቻቸው፣ አሮጌውን ሚካኤልና አዲሱን፣ ሁለቱን ጣራ፣ መስመሩን። እንጉርጉሮው የት ላይ እንደቆመ አላስተዋለችም። አባቷ ቀና ብለው ተቀመጡ። አልጮኹም፤ አልተቆጡም።

«እንዳላማው ያውቃል?»

«ያውቃሉ አባባ። ሊነግሩዎት ነበር የመጡት።»

«አውቆ ነው ከእጄ የጎረሰ?»

«አውቀው ነው።»

ወይዘሮ የኔአለም ሳህን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አቶ ገዳሙ ተነሱ፤ ጋቢያቸውን መደቡ ላይ ትተው ወጡ። ማርያማዊት ስትከተላቸው ቦዩን ተሻግረው መንገዱ ላይ ደርሰዋል። «እንዳላማው!» ብለው ተጣሩ። ድጋሚ ተጣሩ። ከአስፋልቱ በኩል የሚርቅ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ምዕራቡ ገና አልጨለመም፤ ጠጠሩ ይታያል።

«ሄደዋል አባባ» አለች ክንዳቸውን ይዛ። «እንግባ፤ ይበርድዎታል።»

አልሰሟትም። በመንገዱ መካከል ወዲያና ወዲህ ጥቂት ተራመዱ፤ ቆም ብለው በእግራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«ምድጃው እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። «መደቡ ደግሞ እዚህ። አንቺ ኩፍኝ ሲይዝሽ እዚህ ነው የተኛሽው።»

ከታች የመጣ ባጃጅ መብራቱን አበራባቸውና ጥሩንባ ነፋ። ማርያማዊት ክንዳቸውን ሳበች፤ አባቷ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሹፌሩ ሁለቴ ነፍቶ ጠበቀ፤ ከዚያ ዳሩን ይዞ፣ እነሱን ዞሮ አለፈ።